ጋሼ በላቸው የሰበረው በትር

ይቅር አላልኩትም። ይህን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እንተዋወቅ። ነፍስ አባቴ በየዓመቱ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይገሥጹኛል፤ እኔም በየዓመቱ መስቀላቸውን ተሳልሜ «አባቴ፣ ሌላ ኃጢአት ይጠይቁኝ» እላቸዋለሁ። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። ስሙ ሲነሳ ሰዎች «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ እኔ ዝም ብዬ አልፋለሁ። አርጅቼ እንኳ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ክፉ ደስታ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከረውም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን። እኔ የዲንሾ ልጅ ነኝ። አያቴ ከመንዝ መጥቶ እዚያ ቀረ፣ አባቴ ገብስ እያረሰ በግ እያረባ አሳደገን። በመንደራችን ከአራተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ስላልነበረ፣ አስራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አባቴ በፈረስ አፈናጦ ጎባ አመጣኝና አበልጁ ቤት አስቀመጠኝ። አበልጁ ጋሼ በላቸው የታናሽ ወንድሜ የክርስትና አባት ነው። ከአዲስ አበባ ተሹሞ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ ክራቫት ያስራል፣ በቅሎ ይጭናል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ፊት ለፊት ይቆማል። ያኔ አንቱ ነበር የምለው። ዛሬ ግን አንቱታውን አንስቼበታለሁ፤ በሕይወት ቢኖር ፊቱም እነግረው ነበር።

አባቴ ሲሰናበተኝ ትከሻዬን ይዞ «አስኩ፣ ሰው ቤት ነሽ። አንገትሽን ደፍተሽ ኑሪ። የቤቱን ነገር ለጎረቤት አታውጪ፣ ገመና ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት የማይችል ልጅ በዚያ ዘመን አልተወለደም።

ጋሼ በላቸው ልጅ አልነበረውም። ሚስቱ እትዬ አሰገደች የጎባ ተወላጅ፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ላይ ቅጣቱ ትንሽ ነበር። ጫማው ካልተወለወለ ጠጠር ላይ መንበርከክ። እንጀራው ከተቃጠለ ያለ እራት ማደር። ቀስ እያለ ምክንያቱም ጠፋ፤ ከመሥሪያ ቤት ተናዶ ከመጣ እኔ እንበረከካለሁ። ማታ ሲርበኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ይወስደኛል። አስተማሪዬ «የዲንሾ ብርድ አእምሮሽን አቀዝቅዞታል» ብሎ ያሾፍብኝ ነበር፤ ልጆቹም ይስቃሉ። በልተሽ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኔ ውስጥ ነቅዟል።

ወደ ቤታችን የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች፤ አዴ ዘይነባ። ከተማው አልቆ ግጦሹ ከሚጀምርበት ከኛ ዝቅ ብላ ትኖራለች። ባሏ የሞተባት፣ ከብቷ የበዛ፣ ረጅምና ጠይም፣ ከሩቅ ስታወራ የምትሰማ የአርሲ ኦሮሞ ሴት ናት። ወተቷን ለሌላ ሰው አታምንም፤ የወተት ዕቃዋን፣ ጮጮዋን ተሸክማ ራሷ በየደንበኛው ቤት ታዞራለች። እኔን ስታይ «አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ቲያ?» ትለኛለች። ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። እኔም «ነጋ» እላታለሁ፣ ደህና ነኝ። በየቀኑ እዋሻት ነበር ማለት ነው።

የጥቅምት ብርድ በገባበት ወቅት፣ አንድ ሐሙስ ማታ ጋሼ በላቸው ወተቱን ቀዳና ጎደለበት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠራኝ።

«ወተቱን ማን ጠጣው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«አሰገደች፣ አንቺ ጠጥተሻል?»

እትዬ አሰገደች ራሷን ነቀነቀች። እኔን ግን አላየችኝም።

«እንግዲህ ድመት የለንም» አለ። ተረጋግቶ ነበር የሚናገረው። የሚያስፈራኝ እሱ ሲረጋጋ ነው።

ከጓሮ ያለችው መስኮት የሌላት የእህል ክፍል ውስጥ አስገባኝ። ከሰል የያዘ ምድጃ አምጥቶ እግሬ ሥር አኖረ፤ አንድ እፍኝ በርበሬ በተነበትና በሩን ከውጭ ቆለፈ። በርበሬ መታጠንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ አትወቁት። ሲከፍትልኝ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ ከበሩ ሥር በሚገባው አየር ነበር የምተነፍሰው። «አሁን ጠጥቻለሁ በይ» አለኝ። ያልጠጣሁትን ወተት ጠጥቻለሁ አልኩ። ከጭሱ ይልቅ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ዓርብ ትምህርት ቤት አልላከኝም፤ ዓይኔ ተደፍኖ ነበር። ጾም ስለሆነ አዴ ዘይነባም ወተት አላመጣችም። ያን ቀን ሙሉ ተኝቼ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ይህ ሰውዬ መሞት አለበት። ይህን የምነግራችሁ ለማሳመር አይደለም። ልጅ ናት፣ ምን ታስባለች ትሉ ይሆናል። ልጅ ብቻውን ሲተው የሚያስበውን ብታውቁ በራችሁን ቆልፋችሁ ትተኙ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ በላቸው በበቅሎ ሮቤ ይሄድ ነበር። መንገዱ ወደ ጦጎና ወንዝ የሚወርድበት ቁልቁለት አለ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ኮርቻውን በበቅሎዋ ሆድ ሥር አስሮ የሚይዘው ጠፍር ቢሳሳ፣ ቁልቁለቱ ላይ ይበጠሳል። አባቴ ፈረስ ሲጭን እያየሁ ስላደግሁ የጠፍሩን ነገር አውቃለሁ። ከመስታወቱ ሥር እጀታ ያለውን የጺም ምላጩን አነሳሁ።

ጋጣው ከአጥሩ በር አጠገብ ነበር። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ገባሁ። ኮርቻው ግንድ ላይ ተሰቅሏል። ጠፍሩን ገልብጬ፣ ከውስጥ በኩል እንዳይታይ አድርጌ፣ ምላጩን አሳረፍኩበት። አልፈራሁም፣ ጓጉቼ ነበር። የመጀመሪያውን ጭረት ሳወጣ የአጥሩ በር ተንኳኳና ሳልመልስ ተከፈተ። አዴ ዘይነባ ጮጮዋን ይዛ ገብታ፣ ጋጣው ክፍት መሆኑን አይታ አንገቷን አስገባች።

ምላጩን አየች። ጠፍሩን አየች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሽ?» አለችኝ።

አልጮኸችም፣ ምላጩንም አልቀማችኝም። ጮጮዋን ግድግዳው ሥር አስቀምጣ የበቅሎዋ ድርቆሽ ላይ ተቀመጠች።

«ወተቱ ይቀዘቅዛል፣ ይቀዝቅዝ። እኔ አልቸኩልም» አለች። «ሂሚ። ንገሪኝ።»

«አባቴ የቤቱን ነገር አታውጪ ብሎኛል። ገመና ነው።»

«የማን ገመና ነው? ያንቺ ነው?»

ዓይኔን ወደ ጠፍሩ መለስኩ።

«የሱ ነው» አለች። «የሱን ገመና አንቺ ለምን ተሸከምሽ? ሸክሙ ሲከብድሽ ነው ምላጭ ያነሳሽው።»

ነገርኳት። ጠጠሩን፣ እራቱን፣ ከሰሉን፣ በርበሬውን። ወተቱ ጋ ስደርስ ፊቷ ተለወጠ። ጮጮዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ በኦሮምኛ ለራሷ የሆነ ነገር ተናገረች።

«ሐሙስ ዕለት» አለች ቀስ ብላ፣ «ጥጃው ተፈትቶ ላሚቱን ጠባት። ያመጣሁት ጎዶሎ ነው። ለሴትዮዋ ነግሬያታለሁ፣ ‹ዛሬ ትንሽ ነው፣ ቅዳሜ እሞላለሁ› ብያታለሁ።»

እትዬ አሰገደች ታውቅ ነበር። እያወቀች ራሷን ነቀነቀች፤ እያወቀች ወተቱ ሲመጣም ጎዶሎ እንደነበር ሳትናገር ቀረች። ይህን ስሰማ የምላጩን እጀታ ይበልጥ ጨበጥኩት።

አዴ ዘይነባ አየችኝ። «እሺ፣ ቁረጪው። ሰውዬው ይወድቃል። በቅሎዋም ትወድቃለች፤ በቅሎዋ ምን አደረገችሽ? ከዚያ አንቺን ይይዙሻል፣ እሱን ቤተ ክርስቲያን ይወስዱታል። ከተማው በሙሉ ‹ደግ ሰው ነበር› እያለ ያለቅስለታል። ይሄ ነው ቂምሽ? ለጠላትሽ ለቅሶ ልታወጪለት ነው?»

አስቤው አላውቅም ነበር። ጋሼ በላቸው ሞቶ ሕዝቡ ነጠላ ዘቅዝቆ ሲያለቅስለት፣ አባቴም መሃላቸው ቆሞ ሲያለቅስ ታየኝ። ምላጩን ሰጠኋት። ጥሩ ልጅ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። በቀሉ ስላነሰብኝ ነው።

«ቂምን ለብቻ አይወጡትም፣ ለሰው ይነግሩታል» አለች እየተነሳች። «እዚሁ ጠብቂኝ። አትደበቂ። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ።»

ወደ ቤቷ ሄዳ ስትመለስ ቀጭን፣ ረጅም፣ በቅቤ ብዛት የጠቆረ በትር ይዛ ነበር። ሲንቄ ነው። የአርሲ ሴት ስታገባ እናቷ የምትሰጣት በትር ነው፤ ከብት አይነዳበትም፣ ሰው አይመታበትም። ወንዶች ጦር ተማዝዘው ሳለ ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሃላቸው ከገባች ጦሩ ይወርዳል። እሷን መድፈር እናትን መድፈር ነው። ጎባ ውስጥ አማራውም ኦሮሞውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ይህን ያውቃል። ከአዲስ አበባ የመጣ ጸሐፊ ግን አያውቅም፤ ማንንም ጠይቆ አያውቅማ።

ጋሼ በላቸው ክራቫቱን እያሰረ ደጅ ወጣ። አዴ ዘይነባ ግቢው መሃል ቆማ በትሯን በሱና በኔ መካከል ያዘች።

«ጌታው፣ ወተቱን ያጎደልኩ እኔ ነኝ» አለችው። «ልጅቷ አልጠጣችም። ይህን ንገራት። ዓይኗን አጥባት፣ ከእንግዲህም አትንካት። እኔም ዝም እላለሁ።»

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። የጠየቀችው ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነበር። «ተሳስቻለሁ» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወተትሽን አስቀምጪና ሂጂ» አላት። «በቤቴ ምን አገባሽ?»

«ሲንቄ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ምንድነው ሲንቄ?» አለና እጁን ዘርግቶ ከእጇ ላይ መነጨቀው። ትንሽ አገላብጦ አየው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበረውና ስባሪውን ወደ አጥሩ ወረወረው።

እትዬ አሰገደች ከበሩ ላይ ሆና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምን አደረጉ?» አለች። «ጋሼ፣ ምን አደረጉ?» በዚያ ቤት በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ለባሏ እንዲህ ስትናገር የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

አዴ ዘይነባ አልመለሰችለትም። ስባሪዎቹን ለቅማ፣ እጄን ይዛ ከግቢው አወጣችኝ። መንገዱ ላይ ቆማ አንገቷን ቀና አደረገችና ጮኸች። ኡኡታ አልነበረም፤ ረጅም፣ የሚወጣና የሚወርድ ጥሪ ነው። ከታች ከግጦሹ በኩል አንዲት ሴት ተቀበለቻት። ከዚያ ከወንዙ ማዶ ሌላ። ከዚያ ከየት እንደሆነ የማላውቀው ጥሪ ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር፤ እጇን ይዤ ቆሜ ሰማሁ።

የሲንቄ ጩኸት የሰማች ያገባች ሴት ቤት አትቀርም። ሊጥ ያቦካች ሊጧን ትታ፣ ላም የምታልብ ጥጃውን ለቅቃ ትመጣለች። ፀሐይ ሳትሞቅ መንገዱ ሞላ። ሁሉም በትራቸውን ይዘዋል፣ በሌላ እጃቸው የሰላም ምልክት የሆነውን ለምለም ሣር ይዘዋል። ድንጋይ የወረወረ የለም፤ የተሳደበ የለም። በአጥሩ ዙሪያ ቆመው ዝግ ባለ ድምፅ መዝፈን ጀመሩ። ዘፈኑ ስሙን እየጠራ ይጠይቀዋል፤ እናት የለህም ወይ፣ ማን ወለደህ እያለ። እኔ ከመሃላቸው ቆሜ እሰማ ነበር። አንባቢዎቼ፣ እንደዚያ ያለ ጣዕም ያለው ነገር ከዚያ ወዲህ በልቼም ጠጥቼም አላውቅም።

ጋሼ በላቸው በቅሎውን ይዞ ሊወጣ ሞከረ። ሴቶቹ አልነኩትም፤ አልተነሡለትምም። ተመልሶ ገባ። ትንሽ ቆይቶ በአጥሩ ላይ አንድ ፖሊስ አስጠራ፤ ወጣት ነው፣ የአካባቢው ልጅ።

«በትንልኝ እነዚህን» አለው።

ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ ሴቶቹን አየ፣ ቆቡን መልሶ አጠለቀ። «ጌታዬ፣ እናቴ ከመሃላቸው ናት» አለ።

«እና?»

«እና ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት መውጣት ያለብዎ» ብሎ ሄደ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዲንሾ ከመጣሁ የመጀመሪያ ሳቄ ነው።

አዴ ዘይነባ ከሕዝቡ ለይታ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ዓይኔን በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማ አጠበችኝ። ጩኮ ሰጠችኝ፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅቤ የታሸ ነው፣ አንድ እፍኙ የአንድ ቀን ጉልበት ይሆናል። መብላቴን ላቆም ስል «ጨርሺው» አለችኝ። ከዚያ ተኚ አለችኝ። ጠላቴ ተከቦ ሳለ እኔ የምተኛበት ምክንያት አልገባኝም ነበር፤ ለማየት ልመለስ ብዬ አለቀስኩ። «የተራበና ያልተኛ ሰው አይበቀልም፣ ይሳሳታል» አለችኝ። ተኛሁ። ስነቃ እሑድ ጠዋት ነበር።

እሑድ ጋሼ በላቸው ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ፊት ለፊት የሚቆምበት ቦታ ባዶ ሆኖ መዋሉን የቅዳሴ መልስ ሰዎች እያወሩ በደጁ አለፉ። ቆመው ያዩም ነበሩ። መስኮቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ሴቶቹ ቤታቸው እየተፈራረቁ ይመለሳሉ፣ ግን አጥሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ይህን ሁሉ ይችለው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግትር ሰው ነው። የጣለው ሌላ ነው።

ከቀትር በኋላ፣ እኔም ተመልሼ ሴቶቹ መሃል ሳለሁ፣ የአጥሩ በር ተከፈተ። እትዬ አሰገደች ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሲንቄ አልያዘችም፤ ወጓ አይደለም። ዝም ብላ መጥታ ሴቶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ «አሰገደች» ብሎ ተጣራ። አልተነሳችም። አንዲት አሮጊት ሣር ከእጇ ከፍላ ሰጠቻት። እትዬ አሰገደች ወደኔ ዞር ብላ «ወተቱን አውቅ ነበር፣ አስካለ» አለችኝ። ከእሷ ጋር ያለኝ ሒሳብ እስከ ዛሬ ግማሽ ነው፤ ግማሹን ያን ቀን በመውጣቷ ትቼላታለሁ።

ሚስቱ በወጣች በሰዓታት ውስጥ ሽማግሌ ላከ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ከዲንሾ ደረሰ፤ መልእክት የላከችበት አዴ ዘይነባ ናት። ከፈረሱ ወርዶ ሳያቅፈኝ «ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ።

ያቺ ጥያቄ ከበርበሬው አትተናነስም። አዴ ዘይነባ አጠገቤ ነበረች። «ዓይኗን እይ» አለችው። «አይተህ ስታበቃ ድጋሚ ጠይቅ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየ። ጉልበቴን ገልጣ የጠጠሩን ጠባሳ አሳየችው። ሁለተኛ አልጠየቀም። ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረና ልጓሙን ያስተካክል ጀመር፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ወጉ እንዲህ ነው፤ ሲንቄ የደፈረ ሰው ሰንጋ አርዶ ሴቶቹን ይለምናል። ጋሼ በላቸው ሰንጋ አመጣ። ቢላዋውን ሲያነሳ ግን ሴቶቹ ሳቁ። እነሱ እስላም ናቸው፤ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። የኛ ቤት ደግሞ የእስላም ሥጋ አይነካም። ስለዚህ በጋሼ በላቸው ግቢ፣ በጋሼ በላቸው ሰንጋ ላይ፣ አንድ ሼህ መጥቶ «ቢስሚላህ» ብሎ አረደ። ጋሼ በላቸው ገመዱን ይዞ ቆመ። ብልቱ ሲከፋፈል ቆሞ አየ። ከገዛ ሰንጋው አንዲት ቁራጭ መቅመስ አልቻለም፤ ለጎረቤቶቹም ምን እንደሚላቸው አላወቀም። እኔም ክርስቲያን ስለሆንኩ አልቀመስኩም፤ እሱ ሲራብ እያየሁ ጩኮዬን በላሁ። ከዚያ የተሻለ ግብዣ አላውቅም።

አዲስ በትር ተቆርጦ ቅቤ ተቀባ። ጋሼ በላቸው አዴ ዘይነባ እግር ሥር ጎንበስ ብሎ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» አለ። ሴቶቹ ሣራቸውን ይዘው ሊመርቁት ሲሉ አዴ ዘይነባ እጇን አነሳች።

«ቆዩ። ልጅቷ አልተጠየቀችም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጅ ናት፣ አባቷ አለ» አለ።

«በርበሬውን የታጠነው አባቷ ነው?» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አስካለ። ይህ ሰው ማሩኝ ይላል። ትምሪዋለሽ?»

ጋሼ በላቸው ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ «በይ እንጂ ልጄ፣ አበልጄ ነው» አለኝ በቀስታ። ምሬዋለሁ ብል ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ሐሙስ ዕለት ያልጠጣሁትን ጠጥቻለሁ ብዬ ነበር። ዳግመኛ አፌ እንዳይዋሽ ፈራሁ።

«አልምረውም» አልኩ።

አባቴ «አስኩ፣ ተይ» አለ።

«ተዋት» አለችው አዴ ዘይነባ። «ጠየቅናት፣ መለሰች።» ከዚያ ለሽማግሌዎቹ «እኛ ስለ በትራችን ታርቀናል። ልጅቷ ግን አልማረችም። ስትፈልግ ትምራለች፣ ካልፈለገች የሷ ነው። ይህን ሁላችሁም ስሙ» አለች። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ተቀበሏት። ጋሼ በላቸው ከሴቶቹ ጋር ታርቆ፣ ከኔ ጋር ሳይታረቅ፣ በገዛ ግቢው ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

አባቴ ያን ቀን ሌላ ቤት ፈለገልኝ፤ አንዲት ጠጅ ጣይ ክርስቲያን መበለት ዘንድ። ጠዋት ጠዋት ግን አዴ ዘይነባ ጋ እየሄድኩ ወተት ጠጥቼ ነበር ክፍል የምገባው። በዓመቱ መጨረሻ አስተማሪዬ የዲንሾ ብርድ አእምሮ ያጎብዛል ማለት ጀምሮ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ያ ሰኞ ምን እንደለወጠብኝ ልንገራችሁ። ሰውየው መዋረዱ አይደለም፤ እሱ ጉርሻ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ጠየቀኝ፣ መልሴንም ጠበቀ፣ የመለስኩትንም አልቀየረብኝም። ለዚህ ነው አስተማሪ የሆንኩት። ሮቤ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ትምህርት በተጀመረ ቀን ከመቁጠርና ከማንበብ በፊት ልጆቼን እጠይቃቸው ነበር። በልታችኋል? ተኝታችኋል? ክፉ ነገር ቢገጥማችሁ የምትነግሩት ትልቅ ሰው ማን ነው? ስሙን ጥሩልኝ። ባልደረቦቼ ጊዜ ታባክናለች ይሉኝ ነበር። ሌላ ሰው መጥራት ያቃተው ልጅ የኔን ስም እንዲጠራ እነግረው ነበር፤ ከጠራኝ እንደምመጣም። እናንተም ልጆቻችሁን ጠይቁ። አንገታቸውን ደፍተው ዝም ካሉ ጨዋ ናቸው ብላችሁ አትኩሩባቸው። ገመና ተሸክመው ይሆናል።

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ተማሪዬ ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች። አልገባችም፣ አልተናገረችም። አስገባኋት፤ በሶ በጠበጥኩላት፣ እስክትጨርስ ጠበቅኋት። እኔ አልቸኩልም አልኳት። ጨርሳ አፏን ጠረገች።

«ያኔ ስም አጥቼ የእርስዎን ጠርቼ ነበር» አለችኝ።

«አስታውሳለሁ።»

«አጎቴ ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

«ቤቱ በየት በኩል ነው?» አልኳት። ጫማዬን አጥልቄ ነበር።